የተርኪ ግሬቪ ከትሪው ይጀምራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣዎ የምግብ ዓምድ ላይ በኦቭን ስለሚጠበስ ተርኪ፣ አንዳንዶቻችን የቱርክ ዶሮ ስለምንለው፣ የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ስለ ሥጋው አጠባበስ የተሰጠው ምክር የሚያስመሰግን ነው፤ በተለይም መብሰሉን በቆዳው ቀለም ከመገመት ይልቅ ቴርሞሜትሩን አጥንት ሳይነካ ወደ ታፋው ወፍራም ክፍል አስገብቶ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱን ማረጋገጥ እንደሚገባ መጻፉ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር ያስታወሰ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ በጥቂት መስመሮች ብቻ የታለፈው የግሬቪ፣ ማለትም ከጥብሱ ጭማቂ ተሠርቶ ሥጋው ላይ የሚፈሰው ወፍራም ስጎ፣ አሠራር ነው።

ጽሑፉ በትሪው ውስጥ የተጠራቀመው “ቅባት” ተደፍቶ ትሪው እንዲታጠብ፣ ከዚያም ውኃ ከሾርባ ኩብ ጋር ፈልቶ ዱቄት እየተነሰነሰበት እንዲማሰል ይመክራል። እንዲህ የተሠራው ነገር ወፍራም መረቅ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ግሬቪ ለማለት ግን ይከብደኛል። ግሬቪ የሚጣፍጠው በዱቄቱ ወይም በኩቡ ሳይሆን የዓምዱ ጸሐፊ እንዲደፋ ባዘዙት ነገር ነው።

ተርኪው በሚጠበስበት ጊዜ በትሪው ላይ የሚቀረው አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አይደለም። ከቆዳው ሥር ቀልጦ የሚወርድ ስብ አለ፤ ከሥጋው የሚወጣ፣ ጨውና ከቆዳና ከጅማት የተገኘ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ጄላቲን ያለበት ጭማቂ አለ፤ ይህ ጭማቂ ከትሪው ወለል ጋር ደርቆ የሚጋግረው ቡናማ ቅርፊትም አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ሦስተኛው ነው። ፈረንሳዊው ሐኪምና ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የአሚኖ አሲዶችና የስኳር ውሕደት፣ ማለትም የተጠበሰ ሥጋን ከተቀቀለ ሥጋ የሚለየውን ሽታና ጣዕም የሚፈጥረው ሂደት፣ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ሂደቱ በርትቶ የሚካሄደው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ውኃ ደግሞ በተለመደው ድስት ውስጥ ከ100 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ፣ የፈላ ውኃ የቱንም ያህል ኩብ ቢጨመርበት ያንን ጣዕም ከራሱ ሊያወጣ አይችልም። ትሪውን አጥቦ ግሬቪ መሥራት ቡናውን ደፍቶ ስኒውን ማሞቅ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ጥፋቱን እኔም ስለሠራሁት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተርኪ እንድጠብስ ኃላፊነት በተሰጠኝ ዕለት፣ ንጹሕ ሠራተኛ መሆኔን ለማሳየት ስል ጥብሱን ካወጣሁ በኋላ ትሪውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈትጌ እንደ መስተዋት አብለጨለጭኩት። የበላይ የነበሩት ወጥ ቤት አዋቂ ገብተው “ግሬቪው የታለ?” ሲሉኝ “አሁን ልጀምር ነው” ብዬ መለስኩ። ትሪውን አንሥተው ብርሃን ላይ አዩትና ምንም ሳይናገሩ መልሰው አስቀመጡት። ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ አስተምሮኛል።

የመልካም ግሬቪ ሥራ ሥጋው ኦቭን ውስጥ እያለ ይጀመራል። ትሪው ከመጀመሪያው አንሥቶ ውኃ ከሞላበት ቅርፊት አይፈጠርም፤ ፈጽሞ ደርቆ ከተተወ ደግሞ የሚወርደው ጭማቂ ያርና ይመራል፤ የመረረውን ቅርፊት የሚያድን ማጣፈጫ የለም። ስለዚህ በየጊዜው ኦቭኑን ከፍቶ ማየት፣ ወለሉ ወደ ጥቁር ቡናማነት ማድላት ሲጀምር ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ማፍሰስ፣ ሲደርቅም ይህንኑ መድገም ይገባል። በግርድፉ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርትና ካሮት ከሥጋው ሥር ቢነጠፍ ወለሉን ከማረር ይከላከላል፤ የራሱንም ጣፋጭነት ይጨምራል። አርሮ እንደሆነ ለማወቅ ከቅርፊቱ ጥቂት ፍቆ መቅመስ ነው፤ ከመረረ ያን ክፍል ሳይነኩ ፈሳሹን ብቻ መውሰድ ይሻላል።

ዓምዱ ፈጽሞ ያላነሣው ሌላው ጉዳይ መረቁ ነው። ተርኪው ሲገዛ ብዙውን ጊዜ አንገቱ፣ ልቡና ጨጓራው በውስጡ ታሽገው ይገኛሉ። እነዚህን ከአንድ ሽንኩርት ጋር በአንድ ሊትር ተኩል ገደማ ውኃ ለስላሳ እሳት ላይ ጥዶ፣ አረፋውን እየገፈፉ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መቀቀል ነው፤ ኦቭኑ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ይህ ተጨማሪ ጊዜ አይጠይቅም። ጉበቱን ግን አብሮ መቀቀል አልመክርም፤ መረቁን ያደፈርሰዋል፣ ምሬትም ይሰጠዋል። በዚህ መረቅ ላይ ጨው አይጨመርም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥጋው ከኦቭን ከወጣ በኋላ ከመቆረጡ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማረፍ ስላለበት፣ ግሬቪውን ለመሥራት የሚበቃ ጊዜ ከዚያው ይገኛል። በትሪው ያለው ፈሳሽ ጠበብና ረዘም ወዳለ ዕቃ ተገልብጦ ጥቂት ደቂቃ ሲቆም ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጭማቂው ከታች ይዘቅጣል። ስቡን በጭልፋ ቀድቶ ለብቻ ማስቀመጥ እንጂ መጣል የለም፤ ዱቄቱ የሚቁላላው በእርሱ ነው። የተረፈውን ስብ ወደ ማጠቢያ ቧንቧ መድፋት ግን ሲቀዘቅዝ ረግቶ መተላለፊያውን ስለሚደፍን፣ በቆርቆሮ አርግቶ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማስወገድ ይገባል።

ቀጥሎ ትሪው በእሳት ላይ ይጣዳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህ የሚደረገው ትሪው ብረት ሲሆን ብቻ ነው። የመስተዋት ትሪ በቀጥታ እሳት ላይ ቢጣድ፣ ወይም ገና ከኦቭን እንደወጣ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቢፈስበት፣ ሊፈነዳ ይችላል፤ በእንዲህ ያለው ዕቃ የጠበሰ ሰው ትኩስ መረቅ አፍስሶ በእንጨት ማንኪያ እየፋቀ ወደ ድስት መገልበጥ ይበቃዋል። በብረት ትሪ ላይ ግን ሁለት ብርጭቆ ያህል መረቅ አፍስሶ፣ እየፈላ እያለ ወለሉን በእንጨት ማንኪያ በጥንቃቄ መፋቅ ነው። ቅርፊቱ ቀልጦ መረቁን ወደ ጥቁር ቡናማ ሲለውጠው ማየት፣ እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ነው። ይህ ፈሳሽ ከተለየው ጭማቂና ከቀሪው መረቅ ጋር ተደባልቆ በወንፊት ይጠለላል።

አሁን ወደ ዱቄቱ እመጣለሁ። የዓምዱ ጸሐፊ ዱቄቱ በፈላው መረቅ ላይ እየተነሰነሰ እንዲማሰል ጽፈዋል፤ ቀጥለውም “ከጓጎለ በደንብ ምቱት” ብለዋል። ጓጉሎ እንዲመታ ከመምከር ይልቅ እንዳይጓጉል መንገዱን ማሳየት በተሻለ ነበር። ደረቅ ዱቄት በፈላ ፈሳሽ ላይ ሲወድቅ፣ የእያንዳንዱ ክምችት ውጫዊ ክፍል ወዲያው ውኃ ጠጥቶ ያብጥና እንደ ሙጫ ይያያዛል፤ ያ የተያያዘ ሽፋን ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጉጉል የሚባለው ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላም ቢመታ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ዱቄቱ አስቀድሞ በስብ ከታሸ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በስብ ተለብጣ ከጎረቤቷ ትለያለች፤ ፈሳሽ ሲመጣባትም ለብቻዋ ታብጣለች።

መጠኑም ቢሆን በግምት ባይተው መልካም ነው። ለአንድ ሊትር ፈሳሽ፣ ማለትም ለ12 ሰው ገደማ ለሚበቃ ግሬቪ፣ 60 ግራም ስብና 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት በቂ ነው። እኩል የሚሆኑት በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይደለም፤ ዱቄት ከስብ ስለሚቀል፣ በማንኪያ እኩል የሰፈረ ሰው ስቡን አብዝቶ በመጨረሻ ከግሬቪው ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ያያል። ስቡ በድስት ሲግል ዱቄቱ ይጨመርና በመካከለኛ እሳት ለአራት ወይም ለአምስት ደቂቃ ሳያቋርጡ ማቁላላት ነው፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፍቶ የተቆላ ለውዝ የመሰለ መዓዛ ሲያወጣና ቀለሙ ወደ ወርቃማ ሲያደላ ደርሷል። ጠቆር እስኪል የሚያቁላሉ አሉ፤ ጣዕሙ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ስታርቹ፣ ማለትም በዱቄቱ ውስጥ ያለው የሚያወፍረው ክፍል፣ በሙቀት እየተሰበረ ስለሚሄድ የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ዱቄቱን ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል።

ፈሳሹ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም። መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ጨምሮ በእንቁላል መምቻ እስኪዋሐድ መምታት፣ ከዚያ ሌላ ጭልፋ፣ ውሕዱ ከለሰለሰ በኋላ ቀሪውን እንደ ቀጭን ክር እያፈሰሱ መምታት ነው። የስንዴ ስታርች ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ማበጥ ቢጀምርም ሙሉ ውፍረቱን የሚሰጠው ወደ መፍላት ሲቃረብ ስለሆነ፣ ግሬቪው ሳይፈላ ቀጥኗል ብሎ ዱቄት መጨመር ስህተት ነው። ከፈላ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ይንተክተክ። በማንኪያው ጀርባ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ፣ በጣት ሲሰመርበት መስመሩ ካልተደፈነ ሊወርድ ይገባል። በገበታ ላይ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር፣ ከድስቱ ሲወጣ ከሚፈለገው ትንሽ ቀጠን ቢል ይመረጣል። ሥጋው ባረፈበት ሳሕን ላይ የተጠራቀመውን ጭማቂም በዚህ ጊዜ መጨመር አይዘንጋ።

ስንዴ የማይስማማው እንግዳ ካለ የበቆሎ ስታርች ይተካል፤ የማወፈር ኃይሉ ከስንዴ ዱቄት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ግማሹ ይበቃል። እርሱ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ በመጨረሻ ይጨመራል እንጂ ብዙ አይፈላም፤ ብዙ ከፈላ መልሶ ይቀጥናል።

ስለ ጨው ለመመለስ ቃል ገብቼ ነበር። ተርኪው ከመጠበሱ በፊት በጨው ውኃ የተዘፈዘፈ ወይም በጨው የታሸ ከሆነ፣ ከትሪው የሚገኘው ጭማቂ እጅግ ጨዋማ ይሆናል፤ ግሬቪው ሲንተከተክ ውኃው እየተነነ ጨውየው ደግሞ እዚያው ስለሚቀር ጨዋማነቱ ይብሳል። በዚህ ላይ የሾርባ ኩብ የጨመረ ሰው በገዛ እጁ የማይበላ ነገር ሠርቷል። ለዚህ ነው መረቁ ያለ ጨው ይቀቀል ያልኩት፤ ጨው የሚጨመረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ቀምሶ ነው። ድንች ቢጣልበት ጨውን ይመጥጣል የሚለው ምክር እምብዛም አይሠራም፤ ድንቹ ጨዋማ ፈሳሽ ይጠጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አይወስድም። የበዛበት ሰው ጨው የሌለበት መረቅ ጨምሮ እንደገና ያወፍረው።

በመጨረሻም ጽሑፉ “የተረፈው ግሬቪ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በምድጃው ላይ ይቆይ” ማለቱ ከጣዕም ጉዳይ አልፎ የጤና ጉዳይ ነው። ክሎስትሪድየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ በመፍላት የማይሞት ዘር አለው፤ በብዛት የተሠራ ሥጋና ግሬቪ ለብ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ይህ ዘር ነቅቶ በፍጥነት ይራባል፤ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥም ያስከትላል። ግሬቪ በገበታ ላይ የሚቆይ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደጋለ ይቆይ፤ አለዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ይግባ። በዚያ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ሲወጣ እንደ ረጋ ነገር ሆኖ ቢገኝ አያስደንግጥ፣ ጄላቲኑ ነው፤ በጥቂት መረቅ አላልቶ እንደገና እስኪፈላ ማሞቅ ያስፈልጋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ የዓምዱን ጸሐፊ ለመንቀፍ ብዬ አልተነሣሁም፤ ጽሑፎቻቸውን ቆርጬ ከማስቀምጥ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች፣ የትሪው መታጠብና ግሬቪው በምድጃ ላይ ይቆይ የተባለው፣ በሚቀጥለው እትም እርማት እንዲደረግባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ የሚጠብባችሁ ከሆነ የሁለተኛው ይቅደም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ