ከጠመንጃው በፊት መብራቱ ይብራልን፦ ለከተማችን ከንቲባና ለምክር ቤቱ አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፦

ባለፈው የሰፈራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ተነሳ። ወንጀል በበዛባቸው ሰፈሮች ለምንኖር ሰዎች ጠመንጃ በነጻ ይሰጠን፣ አተኳኮስም እንሠልጥን የሚል ነው። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ጎረቤቶቼ ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መፍራት የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ ወደ እናንተ እንደሚቀርብ ሰምቻለሁና እሱ ሳይደርሳችሁ የኔ ይድረሳችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። የምሠራው የማታ ፈረቃ ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴ እስክገባ ቁልፌን በጣቶቼ መሀል ጨብጬ ነው የምሄደው። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ቤት ሲሰበር፣ በማግስቱ እኔም መሣሪያ ለመግዛት ቆርጬ ነበር። ከዚያ የተወሰደባትን ስትቆጥር ሰማኋት። ቴሌቪዥኑ፣ ላፕቶፑ፣ የእናቷ ቀለበት፣ ከአልጋው ሥር የነበረው ሽጉጥ። ሽጉጡን የገዛችው ሌባ ፈርታ ነበር። ሌባው ግን የመጣው እሷ ሥራ ላይ ሳለች ነው። ያ ሽጉጥ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አናውቅም። ማታ ከአውቶቡስ ስወርድ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ቀን ቀን ቤቱ ባዶ የማይሆን ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ሥራ ይሄዳል። ለየቤቱ አንድ አንድ ጠመንጃ ስታድሉ፣ ሌባ የትኛው ሰፈር ምን እንዳለ ይነገረዋል ማለት ነው።

ሌላም ሌሊት ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ በሬ ተደበደበ። መንኳኳት አይባልም፣ ድብደባ ነው። መብራት ሳላበራ በባዶ እግሬ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሼን ዋጥኩ። መጥረቢያ የያዘ ሰው ነው የታየኝ። በመጨረሻ ድምፅ ሰማሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። እናቱ ራሷን ስታ ወድቃ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ነው የሮጠው። እናቱ ተርፋለች። ያን ሌሊት ጠመንጃ በእጄ ቢኖር ምን አደርግ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ሥልጠና ሰጥተናት ነበር ትሉ ይሆናል። የጥቂት ሰዓት ሥልጠና ኢላማ መምታት ያስተምራል። በጨለማ ውስጥ፣ ከእንቅልፍ ተባንኖ፣ ከበሩ ወዲያ ያለው ማን እንደሆነ መለየትን አያስተምርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 «አርምድ ሲቲዝን ፕሮጀክት» የተባለ የግል ቡድን በአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ ጀምሮት ነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሾትገን፣ የኋላ ታሪካቸው ተጣርቶ ለሠለጠኑ ነዋሪዎች በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴቶች በተለይ። በዚያው ዓመት በአሪዞና ቱሳንም ተመሳሳይ ዘመቻ ተነሳ። ደጋፊዎቹ የጆርጂያ ግዛቷን ኬነሶንም ይጠቅሳሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ደንብ እያንዳንዱ አባወራ መሣሪያ እንዲኖረው ያዛል። ነገር ግን ደንቡ በተግባር ማንንም ያስቀጣ አይደለም፣ ያልፈለገ ሰው መተው ይችላል። ኬነሶ ያኔም ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። የኛ ሰፈር ኬነሶ አይደለም።

አንድ ነገር በስብሰባው ላይ ማንም አላነሳውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ከ48 ሺህ በላይ ሰው በጥይት ሞቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በጠመንጃ ራሱን ለማጥፋት ከሞከረ ሰው አሥሩ ውስጥ ዘጠኙ ገደማ አይተርፍም። በሌላ መንገድ የሞከሩት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፣ ከተረፉት ውስጥም ብዙዎቹ ዳግመኛ አይሞክሩም። ሰፈራችን ውስጥ ሥራ ያጣ አለ፣ ትዳሩ የፈረሰበት አለ፣ ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ወጣት አለ። ሌባው በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። የከፋ ቀን ግን በየቤቱ በየጊዜው ይመጣል፣ ጠመንጃውም ቁም ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

መሣሪያ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ጎረቤት አለኝ። መብቱ ነው፣ አልነካውም። የምቃወመው የከተማው አስተዳደር ራሱ አዳይ እንዲሆን ነው። ጠመንጃ ስትሰጡን የምሰማው «ስትደውሉ አንመጣም፣ ራሳችሁን ቻሉ» የሚለውን ነው።

ገንዘቡ ካለ የሚሠራ ነገር ሞልቷል። ፊላደልፊያ ውስጥ ቆሻሻ የተጣለባቸውን ባዶ ቦታዎች አጸዱ፣ ሣር ዘሩ፣ ዛፍ ተከሉ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት በድሃ ሰፈሮች በነዚያ ቦታዎች ዙሪያ የጥይት ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። ኒውዮርክ ውስጥ በመንግሥት የመኖሪያ ሕንፃዎች ዙሪያ ደማቅ መብራት ሲተከል፣ ከቤት ውጭ በሌሊት የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ወርዷል። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሰፈሩን ልጆች በስም የሚያውቁ ሰዎች ጠብ ሳይፈነዳ እየገቡ የሚያበርዱበት ሥራ አለ። ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከሁሉም አስቀድሜ የምለምነው ግን ስንደውል የሚመጣ ሰው እንዲኖር ነው።

ሐሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ እንድትጥሉት እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን ኑ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤቴ አብረን እንሂድ። ማዕዘኑ ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ቁጥሩ ምሰሶው ላይ ተጽፏል፤ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪ