የናፍጣውን ብር ለእህቴ መልሱላት
ለዞናችን አስተዳዳሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር አስተዳዳሪ፣

ማመልከቻችንን ቢሮዎ ድረስ አስገብተናል። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶናል። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ልጽፍልዎ ተገደድሁ።

የእህቴ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው። አንድ ምሽት ተሳፋሪ መስለው የገቡ ሰዎች ከከተማው ወጣ ሲል በጩቤ ወግተውት ባጃጁን ይዘው ሄዱ። እናቱ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ የተነገራት "መኪናው ናፍጣ የለውም፣ ከሞላችሁልን እንወጣለን" የሚል ነው። ልጇ በደም ተነክሮ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እሷ ከጎረቤት ብር ተበድራ በጥቁር ገበያ በጀሪካን ናፍጣ ትፈልጋለች። ናፍጣው እስኪገኝ ሌቦቹ የት ይደርሳሉ? ሆስፒታሉም ያው ነው። ጓንትና የመስፊያ ክር ሳይቀር ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ ተባልን። ፖሊስ ቃላችንን የጻፈበትን ወረቀትም የገዛነው እኛ ነን።

ፖሊሶቹንም ነርሶቹንም አልወቅስም። ባዶ እጃቸውን ነው ሥራ ላይ ያቆማችኋቸው።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከወጊዎቹ አንዱ ነው የተባለውን የሰፈሩ ወጣቶች ይዘው ለፖሊስ አስረከቡ። ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ደግ ሕግ ነው፣ ማንም ያለ ማስረጃ ታስሮ እንዲከርም አልፈልግም። ግን ማስረጃው በጊዜው አልቀረበም። የጉዳቱን መጠን የሚገልጸው የሐኪም ወረቀት አልተጻፈም፣ ምክንያቱም የሚፈርመው ሐኪም አንድ ነው፣ እሱም ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ሲሮጥ ይመሽበታል። ሰውየው በዋስ ወጣ። የእህቴ ልጅ ዛሬ ከቤት የሚወጣው እየፈራ ነው።

እርስዎ ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው ወንጀለኛ መግቢያ ያጣል ብለው ቃል ገብተውልን ነበር። አምነን አጨብጭበናል። የጸጥታ መዋጮ ከየቤታችን ከፍለናል፣ ደረሰኙ በእጃችን ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፉንና በቆሎውን ሸጦ ግብር ይከፍላል። ቃሉን ሲገቡ ለዚህ የሚሆን ብር ካልመደቡ ለምን ገቡ?

ጦርነቱን ያነሱ ይሆናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልላችን ያለበትን አውቃለሁ፣ የምኖረው እዚሁ ነው። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒትም ናፍጣም አይገባም። ግን ለስብሰባ አበልና ለባነር ብር የታጣበትን ጊዜ አላየሁም። ችግሩ ለሁላችንም እኩል ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። እንግዲያው በጀቱን በየቀበሌው ሰሌዳ ለጥፉት። ለፖሊስ ነዳጅ ስንት፣ ለሆስፒታሉ መድኃኒት ስንት፣ ለስብሰባ ስንት እንደተመደበ እንየው። የሚቀጥለው በጀት ሐምሌ 1 ሳይጀምር ይሁን፣ ካለቀ በኋላ ለሪፖርት አይደለም።

የሐኪሙ ማስረጃ በዚህ ሳምንት ተጽፎ ለዐቃቤ ሕግ ይድረስ። እህቴ ለመንግሥት መኪና የሞላችው ናፍጣ ብሩ ይመለስላት፤ ዕዳውን እስካሁን አልጨረሰችም።