ጣቢያው፣ ቀፊራና የከዚራ ጥላ፦ ለድሬዳዋ ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የከተማችን የመጀመሪያ መሰብሰቢያ ቦታዎች እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

የምጽፍልዎ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ጣቢያው ላይ ምልክት ሰጪ ነበር። ማታ ማታ እራቱን ይዤለት ስሄድ መሳፈሪያው ላይ ከተጓዡ ይልቅ ሊጨዋወት የመጣው ይበዛ ነበር። ኦቾሎኒ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሦስት ቋንቋ ይጣራሉ፤ በአማርኛ የጀመሩትን ዋጋ በኦሮምኛ ይከራከሩና በሶማሊኛ ይጨርሱታል። ሊቶሪናው፣ ማለትም የመንገደኛው ባቡር፣ ከሩቅ ሲያፏጭ አባቴ ፋኖሱን አንስቶ አረንጓዴውን መስታወት ወደ ሐዲዱ ያዞራል። ጨዋታው ግን አይቋረጥም።

ይህን የማነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ወይም በደብር ሥር የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራውን የመውጣቱ ወጪ ሲከብድ ግን ሜዳው ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ባቡሩም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። አገሩ ቀድሞውንም ባለቤት ነበረው፤ ኦሮሞውና ሶማሌው ከብቱንና ግመሉን ያሰማራበት ነበር። ከተማዋ ግን አዲስ ነበረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ለዓመታት ቡናና ቆዳ ከግመልና ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ላይ የሚጫነው እዚሁ ነበር። ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ፣ ሐረሪው፣ ከደጋ የወረደው አማራና ጉራጌ ሁሉ በዚሁ መጣ። ዘመድ የሌለው፣ እድር ያልገባ፣ ቋንቋውም የማይገጥም ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚተዋወቀው የት ነው? ጣቢያው ላይ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው፤ ከዚራ ዛፍ ሥር ነው። ሐዲዱ ሰዉን አመጣ እንጂ ጎረቤት ያደረጉት እነዚህ ቦታዎች ናቸው።

ዛሬ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ውጪ ነው፤ አሮጌው ጣቢያ ያ ሁሉ ሰው የለውም። በየከተማው መንገድ እየሰፋ፣ ሰፈር እየተነሳ ነው። የአዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ምን ያህል እንደተለወጠ አይተናል። እኔ ልማትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድብን የጎርፍ መከላከያ ግንብ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ተምረናል። የምጠይቀው ቦታዎቹ በፕላኑ ላይ ባዶ መሬት ወይም አሮጌ ሕንፃ ተብለው እንዳይታለፉ ነው።

ስለዚህ ክቡር ከንቲባ፣ ጣቢያው ቅርስ ሆኖ ሲጠበቅ እንደ ሙዚየም በትኬት የሚገባበት ብቻ አይሁን። መሳፈሪያው ማታ ማታ ለሕዝብ ይከፈት፤ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥበት፤ ሻይና ኦቾሎኒ ሻጮቹ ይመለሱ። የጡረታ ሠራተኞቹ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ይቀረጽ፤ የትኛው ማሽን ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ቀፊራ ሲታደስ የበሩ ቅስት ብቻ ሳይሆን ከገጠር አህያ ጭና የምትመጣዋ ሴት የምትቀመጥበት መሬትም ይታሰብ፤ ገበያውን ገበያ ያደረገችው እርሷ ናት። ከዚራ ላይ ዛፍ መቁረጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ምትኩ ቀድሞ ይተከል። ያ በቀይ አበባ የሚነደው ዛፍ በሌላው አገር እንኳ የድሬዳዋ ዛፍ ነው የሚባለው፤ በገዛ ከተማው ሊጠፋ አይገባም። በቀትር ሙቀት እዚህ የኖረ ሰው ጥላ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

የአባቴ ፋኖስ ዛሬም ቤቴ አለ። ቀዩ መስታወት ተሰንጥቋል፤ አረንጓዴው ደህና ነው። መሳፈሪያው ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀን ከተቆረጠ ይነገረኝና አምጥቼ ለጣቢያው አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከዚራ