ገልብጠሽ ሳታዪው ቀብድ እንዳትሰጪ

ሚጣዬ እንዴት ነሽልኝ የኔ እናት፣ እኛ ደህና ነን፣ ጅማ ዝናቡ እምቢ ብሏል። ወንድምሽን ፃፍልኝ ልለው ነበር ግን እዚህ ውስጥ እሱ እንዲሰማው የማልፈልገው ነገር ስላለ ራሴው በስልኬ ፊደል እየለቀምኩ ነው፣ የተሳሳተውን እያቃናሽ አንብቢው።

እቁብ እንደደረሰሽና አልጋ ልትገዢ እንደሆነ የሰማሁት ከአክስትሽ ነው፣ ካንቺ አይደለም፣ እሺ ይሁን። ፎቶውንም ያሳየችኝ እሷ ናት። ያ ራስጌው ከፈይ የለበሰው፣ ዳር ዳሩ መብራት የሚበራው፣ እኔ መጀመሪያ የሙሽራ መድረክ መስሎኝ ነበር። አክስትሽ ዘመናዊ ነው ትላለች፣ እሷ መቼም የሚያብረቀርቅ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፣ ገልብጠሽ ሳታዪው ቀብድ እንዳትሰጪ።

ጨርቁ ሲገለጥ ውስጡ ምን እንዳለ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ስንቴ አሳይቶሻል። ቺፑድ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጠፍጥፎ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ምንም አይልም፣ ውሃ የነካው ቀን ነው የሚነፋው፣ ብሎኑ ደግሞ አንዴ ከተፈታ ቀዳዳው ይፈረፈርና ሁለተኛ አይነክስም። አንቺ ደሞ ተከራይ ነሽ ልጄ፣ በአራት አመት ሶስት ቤት ቀይረሻል፣ አሁንም የየካ አባዶው ሰውዬ ኪራይ ልጨምር ሲል ዕቃሽን አንስተሽ ልትወጪ ነው፣ በተፈታ በተገጠመ ቁጥር እያለቀ የሚሄድ አልጋ ምን ያደርግልሻል። ትኋን ከገባበትስ? እንጨቱን ፀሀይ ላይ አውጥተሽ የፈላ ውሃ ትደፊበታለሽ፣ ከፈዩን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ትቀቅዪዋለሽ?

እንጨት ግዢ። ያልተቀረፀ ያልተፈለፈለ፣ አበባ የሌለው፣ ቀጥ ያለ። ዋንዛ ነው ይሉሻል፣ አዲስ አበባ ቡናማ የተቀባ ነገር ሁሉ ዋንዛ ነው። ዋንዛኮ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግስት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ ስለነበር አባትሽ እንኳን እዚህ ሆኖ ገበሬ ጓሮ ለቡና ጥላ የቆየ አሮጌ ዛፍ ሲገኝ ነበር የሚገዛው፣ ያውም ስንት ለምኖ። ስለዚህ በስሙ አትደንግጪ፣ ግራቪሊያም ይሁን ምንም ይሁን፣ የጣውላውን ጫፍ እዪ፣ ፊቱ ላይ ያለው መስመር ጫፉም ላይ ካልቀጠለ የተለጠፈ ልባስ ነው። ደሞ መድረቁን ጠይቂ። አባትሽ ሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት ያለውን ጣውላ አመት ጥላ ስር ሳያከርም እጁን አያሳርፍበትም ነበር፣ እርጥቡን የሰሩት በጋ ሲገባ ይጣመምብሻል፣ ሌሊት ሲጮህ ጎረቤት ሌላ ነገር ነው የሚመስለው፣ አፍሬ ነው የምነግርሽ። እግሩና የጎኑ እንጨት የሚገናኙበትን እዪ፣ ወንዴና ሴቴ ሆኖ የተያያዘ ነው ወይስ ሚስማር ብቻ ነው? ይሄ ሁሉ ታዲያ ከላይ አይታይም። ለዛ ነው ገልብጪው የምልሽ።

አሁን ያንን ልንገርሽ። አባትሽ ስንጋባ በ1980 የሰራልን አልጋ ነበር፣ አንቺ አታስታውሺውም፣ አልተወለድሽም። ዋንዛ፣ ምንም ጌጥ የሌለው፣ አንድ ሚስማር የሌለበት። እናቱ የጠፍር አልጋ ላይ ነው ያሳደጉትና ጠፍሩ በላላ ቁጥር ማጥበቅ የሱ ስራ ስለነበር የኔ ሚስት አልጋ ግን አይላላም ብሎ ነበር የሰራው። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ። ጎረቤታችን ራስጌው መስታወት ያለው፣ ፎርማይካ የተለበጠ አልጋ አመጣች፣ ከዛ በኋላ የኛው አስጠላኝ። እህቶቼ ቡና ሊጠጡ በተሰበሰቡበት፣ እሱ ባለበት፣ የአናጢ ሚስት ሆኜ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የምተኛው አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። በሳምንቱ ሸጠው፣ 300 ብር፣ ላይ ጨምሮ ያንን ባለመስታወቱን ገዛልኝ። በሶስተኛው ክረምት ጣራው አፈሰሰና ጎኑ አበጠ፣ ከዛ በቃ አባትሽ እስከመጨረሻው ያንን ቺፑድ በሚስማር ሲደግፍ፣ በሽቦ ሲያስር ኖረ። አንድ ቀን እንኳን ምን አልኩሽ አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድምሽ ያ አልጋ ለሱ ህክምና የተሸጠ ነው የሚመስለው። አባትሽ ነው እንደዛ ብሎ የነገረው፣ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ፣ እስካሁን ዝም ብያለሁ። ባለፈው አመት የገዛችው ሴትዮ ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፣ ሰው ሲበዛ ጓዳ አስገቡኝና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ሳላውቅ እጄ ወደ ታች ገባ። አይነቃነቅም። ጎንበስ ብዬ ሳየው የእርሳስ ምልክቱ እንዳለ ነው፣ እግሩ ላይ 2፣ ጎኑም ላይ 2፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የፃፈው፣ የሱ 2 ደሞ ታውቂያለሽ ጭራው ይረዝማል። ሰው ለባልዬው የማለቅስ መስሎት አፅናናኝ።

ተይው። አሁን የምልሽን ስሚ። ሜትር ከሃምሳ ይበቃሻል፣ ሜትር ከሰማንያ ለማን ነው፣ ባል ሲመጣ እናወራለን። መሀሉ ላይ ድጋፍ እንጨትና እግር ይኑረው፣ የርብራቡ ክፍተት ከአራት ጣትሽ አይብለጥ አለበለዚያ ፍራሹ ይጎደጉዳል። ስር የዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ ነቀዝ ስለሆነ ጥለሽ ውጪ። በብሎን የሚፈታ መሆኑን አረጋግጪ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያው ላይ ሳይፈታ አያልፍም፣ መታጠፊያውን ዛሬውኑ ለኪው፣ በስንዝር አይደለም በሜትር። ጫኝና አውራጆቹን መኪናው ሳይደርስ በፊት ተነጋገሪ። ብር ከጎደለሽ ለአክስትሽ እንዳትነግሪ፣ ለኔ ንገሪኝ፣ የቡናዋ ትንሽ አለች። ደሞ እራት ሳትበዪ አትደሪ፣ ፎቶሽ ላይ ፊትሽ ከስቷል።

ቅዳሜ ሱቁ ስትገቢ በቪዲዮ ደውዪልኝ። ልጆቹ ያግዙሽና ገልብጡት፣ ካሜራውን ወደ ስሩ አዙሪልኝ፣ ሳላየው ቀብድ እንዳትሰጪ።

እናትሽ