የአትሌቲክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከፍታ ዝላይን ከመነሻው እግር

ደሴ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በየማለዳው ዳገት ወጥቶና ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት ለሚደርስ ልጅ አትሌቲክስ ማለት ሩጫ ነው። የአትሌቲክስ ክበባችን ዘንድሮ ለከፍታ ዝላይ ቦታ ለመስጠት ሲወስን፣ ከተመዘገቡት 31 የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ይህን ስፖርት ሞክሮ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። የነበረን መሣሪያም ለርዝመት ዝላይ የተቆፈረው የአሸዋ ጉድጓድና ከባሕር ዛፍ ያሠራናቸው፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ምስማር የተመታባቸው ሁለት ቋሚዎች ብቻ ነበሩ። የውድድር አግዳሚ ዘንግ ርዝመቱ 4 ሜትር ሆኖ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ እኛ ያገኘነው እንጨት ግን ከዚህ በጣም የከበደ ስለነበር ትተነው በምትኩ ላስቲክ ወጠርን። ላስቲክ የነካውን እግር ስለማይጎዳ ፈሪዎቹም ደፈሩ።

ከፍታ ዝላይ አራት ተከታታይ ክፍሎች አሉት፤ እነሱም መንደርደር፣ መነሳት፣ አግዳሚውን ማለፍና ማረፍ ናቸው። የተማሪዎቹ ዓይን የሚያርፈው በሦስተኛው ላይ ነው። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የደከምኩት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እግር አንዴ ከመሬት ከተላቀቀ በኋላ ሰውነት የሚወጣበት ከፍታ የተወሰነ ስለሆነ፣ አየር ላይ ሆኖ የቱንም ያህል ቢፍጨረጨሩ መሬት ላይ ያልተገኘ ጉልበት አይገኝም።

ደንቡ ዘላዩ በአንድ እግር እንዲነሳ ያስገድዳል። የትኛው እግራቸው እንደሆነ ግን አብዛኞቹ አያውቁም ነበር፤ ኳስ የሚመቱበት እግር የሚዘሉበትም ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በቀኙ የሚመታ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱን የሚሸከመው በግራው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሜዳው ላይ በኖራ ሰኞ ማክሰኞ አሥምረን ሁሉም በተራ፣ በሁለቱም እግሮቻቸው እያነከሱ እንዲዘሉ አደረግሁ። ሴቶቹ ጨዋታውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት ከወንዶቹ ቀድመው እግራቸውን ለዩ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሦስተኛው ቀን መጥታ «ቲቸር፣ ለካ እኔ በግራዬ ነኝ!» ስትለኝ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አብሮኝ አለ።

ቀጥሎ የመጣው መንደርደር ነው። ፊቱን ወደ አግዳሚው አዙሮ ሲቆም፣ በግራ እግሩ የሚነሳ ከቀኝ በኩል፣ በቀኙ የሚነሳ ከግራ በኩል ይመጣል። በመቀስ ስልት ለአግዳሚው የቀረበው እግር ቀድሞ ይወነጨፋል፤ የተነሱበት እግር ይከተለዋል፤ ዘላዩም በእግሮቹ ቆሞ ያርፋል። በ5 እርምጃ ጀምረን ወደ 7 አሳደግነው። የጀማሪ ሁሉ ችግር አግዳሚው ሲቀርብ እርምጃን ማሳነስና ማዝገም ነው፤ መሆን ያለበት ግን ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ረዘም ብሎ ዳሌን ዝቅ እንዲያደርግ፣ የመጨረሻው ደግሞ አጠር ብሎ እንዲፈጥን ነው። ይህን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ የቀሩት አባላት ዙሪያውን ቆመው እርምጃውን በጭብጨባ እንዲይዙ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጭብጨባዎችም እንዲያቀራርቡ አደረግሁ። በሠርግ ጭብጨባ ያደጉ የወሎ ልጆች ምቱን ለመያዝ ከአንድ ቀን በላይ አልፈጀባቸውም።

በኅዳር መጨረሻ ግን ሁለት ተማሪዎች በስልክ ያዩትን፣ በጀርባ የሚታለፍበትን የፎስበሪ ስልት፣ እኔ ዕቃ ለማስገባት ዞር ባልኩበት ጊዜ አሸዋው ላይ ሞከሩት፤ አንደኛው በትከሻው ወድቆ ለአንድ ሳምንት ያህል ክንዱን ማንሳት ተቸገረ። ብቻቸውን ትቻቸው መሄድ ስላልነበረብኝ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህንንም ለወላጆቹ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በክልከላ ብቻ ከማለፍ ምክንያቱን ማስተማር መረጥኩ። አሜሪካዊው ዲክ ፎስበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ 2.24 ሜትር ዘሎ ወርቅ ሲያገኝ በጀርባው ሊያርፍ የቻለው፣ ከሥሩ አሸዋ ሳይሆን የሚቀበለው ለስላሳ ማረፊያ ስለነበር ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በዚያው ዕለት መሆኑን ስነግራቸው ታሪኩ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ መሆኑ ቀረ። በክፍሉ ግድግዳ ላይም ኩባዊው ሃቪየር ሶቶማዮር እ.ኤ.አ. በ1993 የዘለለውን 2.45 ሜትር እና ዩክሬናዊቷ ያሮስላቫ ማሁቺክ እ.ኤ.አ. በ2024 የዘለለችውን 2.10 ሜትር በጠመኔ ምልክት አደረግን። ሴቶቹ ከሁለተኛው መሥመር ሥር ቆመው እጃቸውን እየዘረጉ ሲለኩ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኳቸው።

በልጉ ሲገባ አሸዋው ረጥቦ ይጠጥር ስለነበር ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት በአካፋ መገልበጥ የአባላቱ የተራ ሥራ ሆነ።

በግንቦት ባደረግነው የክበቡ ውድድር ከ90 ሳንቲ ሜትር ተነስተን በየ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እያደረግን፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሳተ እንዲሰናበት በሚያዘው ደንብ ተመራን። እግሯን በሰኞ ማክሰኞ ያወቀችው ተማሪ 1.20 ሜትር አለፈች። ከወንዶቹ ሁለቱ 1.40 ላይ እኩል ቢሆኑም፣ አንደኛው ያንን ከፍታ በመጀመሪያ ሙከራው ስላለፈው አሸናፊ ሆነ፤ በኅዳር ትከሻውን የተጎዳው ልጅ ነው።

ወፍራም ማረፊያ እስኪገኝ ድረስ ክበቡ የፎስበሪን ስልት አያስተምርም፤ ማረፊያው እንዲገዛም ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቀናል። የእያንዳንዱ አባል መነሻ እግርና የመንደርደሪያ ልክ በክበቡ መዝገብ ሰፍሯል፤ በክረምቱ ቁመት የሚጨምሩ ስለሚኖሩ ግን በመስከረም እንደገና እንለካለን።