ኤል ዶራዶ ከተማ አይደለም፣ ሰውዬ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን እዚህ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጋ ካለው አዟሪ እየገዛሁ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ገና የመጀመሪያዬ ነው፣ ያስነሳኝም ባለፈው ሰሞን ስለ ኤል ዶራዶ ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። "ጫካ ውስጥ የጠፋችው የወርቅ ከተማ" ይላል። ኧረ ከተማ አይደለም! ቃሉ ራሱ በስፓኒሽ "በወርቅ የተለበጠው" ማለት ነው፣ ሰውዬ ነው እሱ። ባለታሪኮቹ ሙይስካ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው፣ ዛሬ ቦጎታ ባለችበት የኮሎምቢያ ደጋ ላይ የሚኖሩ፣ እንደኛው ደገኛ፣ በቆሎና ድንች የሚያበቅሉ፣ ጨው የሚነግዱ። አዲስ አለቃ ሲሾም ገላውን ቀብተው የወርቅ ብናኝ ይነሰንሱበትና በታንኳ ጓታቪታ ሐይቅ መሐል ይወስዱታል፣ እዛ ወርቁንም ኤመራልድ የሚባለውን አረንጓዴ ዕንቁም ውሃው ውስጥ ይጥሉታል። ለነሱ ወርቅ የስለት ዕቃ እንጂ የሚከማች ሀብት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1537 የደረሱት ስፔናውያን ይሄ አልገባቸውም፣ በ1580ዎቹ እንዲያውም ሴፑልቬዳ የተባለ ነጋዴ ሐይቁን አደርቃለሁ ብሎ ዳሩን ቆርጦ ከፈተው፣ ቁርጡ ዛሬም ይታያል፣ አፈሩ ተንዶም ሠራተኞች አልቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ፓስካ አካባቢ ገበሬዎች ዋሻ ውስጥ ስንዝር የማትሞላ የወርቅ ታንኳ አገኙ፣ አለቃው መሐል ላይ ቆሞ ሰዎቹ ከበውት። አሁን ቦጎታ ሙዚየም ውስጥ ናት። ይሄን ትታችሁ ጫካ ምናምን ማለት ምን ይሉታል?

የወርቁ ነገር ስለሚያብረቀርቅ ነው መሰለኝ ሌላው ተረታቸው የሚረሳው። ለእናቴ የባቹዌን ነገርኳት፣ ቡና እየቆላች ነበር። ባቹዌ የምትባል ሴት የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ ከኢጓኬ ሐይቅ ወጣች፣ ልጁ ሲያድግ ተጋቡ፣ ምድሩን በልጆች ሞሉት፣ ሲያረጁ ሕዝቡን መክረው እባብ ሆነው ወደ ሐይቁ ተመለሱ። እናቴ ምጣዱን ከእሳት አወጣችና "እና አሁንም እዛው ናቸው?" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

የቦቺካን ስነግራት ግን ሳቀች፣ ጢስ ዓባይን ታውቃለቻ! ቺብቻኩም የሚባለው አምላክ በሕዝቡ ተቆጥቶ ሜዳውን በጎርፍ ሞላው፣ ሰዉ ተራራ ላይ ወጥቶ ሲራብ ጢማሙ ሽማግሌ ቦቺካ በቀስተ ደመና ላይ ታየ፣ በወርቅ በትሩ ዐለቱን መታው፣ ውሃውም በዛ ወረደ፣ የቴኬንዳማ ፏፏቴ የሆነው ያ ነው ይላሉ። ቺብቻኩም በቅጣቱ ምድርን በትከሻው ተሸከመ፣ ትከሻ ሲቀይር መሬት ይንቀጠቀጣል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ይሄ ነው። የስፔን ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1770 የአገሬውን ቋንቋዎች ከለከለ፣ የሙይስካ ቋንቋም ተናጋሪ አጥቶ ጠፋ። ሕዝቡ ዛሬም አለ፣ ተረቱን ግን አብዛኛውን የምናውቀው ስፔናውያን ጸሐፊዎች በጻፉት በኩል ነው። እኛ ጋ ማንም አልከለከለንም፣ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሰባት መጽሐፎቻቸውን ለግሽ ዓባይ አደራ ሰጥተው ውሃው ሳያረጥብ መለሰላቸው የሚለውን ሙሉውን በቃሉ የሚያወራ ሽማግሌ ግን በየሰፈሩ እያነሰ ነው፣ ልጆቹም ቲክቶክ ላይ ናቸው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያን ጽሑፍ አርሙልን። ቀጥሎ በሳምንት አንዲት ዓምድ ስጡን፣ የጎጃም አንባቢ እናቱን አባቱን እየጠየቀ ይልካል። የመጀመሪያውን እኔ እልካለሁ፣ የእናቴን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፣ አርባ ደቂቃ ነው፣ መሐል ላይ የሙቀጫው ድምፅ ገብቶበታል እንጂ ቃሏ በደንብ ይሰማል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ