ለእማዬ፣ ከሺአን፣ ቻይና

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱም ቀንሷል።

ባለፈው ስደውል «ይሄ አርኪዮሎጂ የምትይው፣ አፈር ቆፍሮ ምን ይገኛል?» ብለሽኝ ነበር። ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ጥያቄሽ ግን ከልቤ አልወጣም።

እሑድ ዕለት ባንፖ ሄጄ ዋልኩ። እዚሁ ሺአን ጫፍ ላይ ያለ፣ ከ6,000 ዓመት በፊት ሰው የኖረበት መንደር ነው። በፈረንጆቹ 1953 ለግንባታ መሬት ሲቆፈር ነው የተገኘው። ከ1954 እስከ 1957 አጥኚዎች ቆፈሩት፤ በ1958 ሙዚየም ሆነ። ቦታውን እንዳለ ጣሪያ አልብሰውታል።

ወርቅ የለም እማዬ። ያለው የቤት ዱካ ነው። ምሰሶው ድሮ በስብሶ አልቋል፤ የቆመበት ቦታ ግን አፈሩ ቀለሙ ይለያል። ቆፋሪዎቹ ያንን ቀለም እየተከተሉ ቤቱ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ በሩም በየት በኩል እንደነበር ያውቃሉ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነበር፣ ልክ እንደ አያቴ ቤት። መሀሉ ላይ ምድጃ አለ። አፈሩ ከእሳት ብዛት ቀልቷል። እዚያ ጋ ብዙ ቆምኩ። ስንት እራት በስሎበት ይሆን?

እህላቸው ደቃቅ ነው፤ ዳጉሳ ባይሆንም ዳጉሳን ያስታውሳል። የሚያኖሩት መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከ200 በላይ ተገኝቷል። መንደሩን የከበበው ቦይ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ብረት በሌለበት ዘመን!

አሁን ልነግርሽ የፈለግኩትን ልንገርሽ። አዋቂ ሲሞት የሚቀበረው ከቦዩ ውጭ ነበር። ሕፃናቱን ግን አላራቋቸውም። እንስራ ውስጥ አድርገው እዚያው ቤታቸው አጠገብ ቀበሯቸው። ከ70 በላይ ናቸው። የእንስራው አፍ በሸክላ ጣባ ተከድኗል። አንዳንዱ ጣባ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ሆን ተብሎ የተበሳ። ነፍሳቸው እንድትወጣና እንድትገባ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ጽሑፍ አልተዉልንም፤ የሚጠየቅም የለም። እኔ ግን አመንኩ። የእናት ሥራ ነው የሚመስለው።

ታላቄ ትዝ አለኝ፤ ክርስትና ሳይነሣ ያረፈው። እኔ ሳልወለድ ነው። በየዓመቱ ያቺ ቀን ስትደርስ ጧት ተነሥተሽ ብቻሽን ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ። ስትመለሺ ቡና ታፈያለሽ፤ ስለሱ ግን አታወሪም። እኛም አንጠይቅሽም ነበር።

እዚያ ቀዳዳ ፊት ቆሜ ስለሱ ምንም እንደማላውቅ ገባኝ። ምን ይመስል ነበር? ምን እያልሽ ነበር የምትጠሪው? ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ከፈለግሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ